ስለ ሰው ስም ትርጓሜና ስለ ባሕርያት ቍጥር

በአዲስ አበባ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መርካቶ የተባለው ታላቅ ገበያ ሰው የሚሻው ዕቃ ሁሉ በየተራው ተለይቶ የሚሸጥበት ስፍራ መሆኑ የታወቀ ነው። ሸማ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ፣ በርበሬ የፈለገ ወደ በርበሬ ተራ፣ አሮጌ ብረትና ቈርቈሮ የፈለገ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። ገበያው ራሱ ስሙን ያገኘው ኢጣልያ አገሪቱን በያዘችባቸው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ነው። ቀድሞ በአራዳ በጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረው ገበያ ለአገሬው ሰው ተብሎ ወደ ምዕራብ ሲዛወር በኢጣልያንኛ ገበያ ማለት የሆነው ቃል ተጣብቆበት ቀረ። ጠላት ሄደ፤ ስሙ ግን አልሄደም።

በዚሁ ገበያ በቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ዳዊቱንና ውዳሴ ማርያሙን፣ ተአምሩንና ድርሳኑን ዘርግተው ከሚሸጡት መካከል አንድ ሌላ መጽሐፍ አልፎ አልፎ ተደባልቆ ይታያል። ይኸውም ዐውደ ነገሥት የሚባለው ነው። ገዢው ከዚህ መጽሐፍ የሚሻው ምንድን ነው ቢሉ፣ የራሱ ወይም የልጁ ስም ከየትኛው ኮከብ እንደሚውል፣ ባሕርዩም እሳት ወይም ውኃ፣ ነፋስ ወይም መሬት መሆኑን ለማወቅ ነው። መቍጠር ያልቻለ እንደ ሆነ መቍጠር ወደሚያውቅ ሰው ይሄዳል፤ ያም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ስምህ ማን ነው፣ የእናትህስ ስም ማን ነው።

የአባት ስም ሳይጠየቅ የእናት ስም የሚጠየቅበት ምክንያት እናትነት የማያጠራጥር ስለ ሆነ ነው ይላሉ። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ፊደል የተወሰነው ቍጥር ተወስዶ የሁለቱ ስም ድምር በ12 ይገደፋል፤ የተረፈውም ኮከቡን ያስታውቃል። 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሠውር፣ 3 ጀውዛ፣ 4 ሸርጣን፣ 5 አሰድ፣ 6 ሰንቡላ፣ 7 ሚዛን፣ 8 አቅራብ፣ 9 ቀውስ፣ 10 ጀዲ፣ 11 ደለዊ ሲሆን፣ ምንም ሳይተርፍ ቢያልቅ ሑት ይሆናል። እነዚህም ዐሥራ ሁለቱ ለአራቱ ባሕርያት ሦስት ሦስት ሆነው ተከፍለዋል። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ ሠውር፣ ሰንቡላና ጀዲ መሬት፤ ጀውዛ፣ ሚዛንና ደለዊ ነፋስ፤ ሸርጣን፣ አቅራብና ሑት ውኃ ናቸው። ዐረብኛ የሚያውቅ የመርካቶ ነጋዴ ሁሉ አሰድ አንበሳ፣ ሑት ዓሣ መሆኑን ሳይነገረው ያውቀዋል። ትምህርቱ ከባቢሎንና ከግሪክ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብም ወደ ግእዝና ወደ አማርኛ የተሻገረ ነውና፣ የከዋክብቱ ስም የመጣበትን መንገድ ይመሰክራል።

ይህን አቈጣጠር የተመለከተ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የስሌቱ መንገድ እንግዳ አይሆንበትም። የባሕረ ሐሳብም ሊቃውንት ዓመተ ዓለሙን በ4 ገድፈው የዘመኑን ወንጌላዊ፣ በ19 ገድፈው ከሚተርፈው አንድ አንሥተው ወንበሩን ያገኛሉና። ልዩነቱ የሚቈጠረው ነገር ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚቈጥረው ፀሐይና ጨረቃ በእርግጥ የሚሄዱትን ሂደት ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡ ቢሳሳት ስሕተቱ በሰማይ ላይ ይገለጣል። ዐውደ ነገሥት ግን የሚቈጥረው ጸሐፊ በወረቀት ላይ ያሰፈረውን ፊደል ነው። ፊደሉ ቢለወጥ ኮከቡም አብሮ ይለወጣል።

ነገሩ በምሳሌ ቢታይ ይገለጣል። ለምሳሌ ያህል የአበገደ ቍጥር ቢወሰድ፣ ይኸውም አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን ታላቅ መዝገበ ቃላታቸውን በተራው ያሰናዱበት የፊደል ሥርዐት ነው፣ አ 1፣ በ 2፣ ገ 3፣ ደ 4፣ ሀ 5 እያለ ሄዶ ለ 30፣ መ 40፣ ዐ 70 ይሆናል። አንድ ሰው ስሙ ዓለሙ፣ እናቱ ለምለም ቢባሉ፣ አናባቢው ሳይቈጠር የፊደሉ ቤት ብቻ ተደምሮ ዓለሙ 140፣ ለምለም 140፣ በጠቅላላው 280 ይመጣል። 280 በ12 ሲገደፍ 4 ይተርፋል፤ ኮከቡ ሸርጣን፣ ባሕርዩ ውኃ ነው። ይህ ሰው ወረዳ ሄዶ መታወቂያ ቢያወጣና ጸሐፊው ‹‹ዓለሙ›› የሚለውን ‹‹አለሙ›› ብሎ ቢጽፍበት፣ 70 የነበረው 1 ይሆንና ድምሩ ወደ 211 ይወርዳል፤ የሚተርፈውም 7 ነው። ሸርጣን የነበረው ሰው ሚዛን፣ ውኃ የነበረው ነፋስ ሆኖ ከቢሮ ይወጣል። ሰውዬው ግን ያው ሰው ነው፤ እናቱም ያችው ለምለም ናት።

ይህም ሲባል አራቱ ባሕርያት በራሳቸው የባዕድ ትምህርት ናቸው ማለት አይደለም። ሰው ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት በሥጋ ተፈጥሮ፣ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት የሆነች ነፍስ ተጨምራለት ሰባት ባሕርያት እንዳሉት የሥነ ፍጥረት መምህራን ያስተምራሉ። ነገር ግን በዚህ ትምህርት አራቱ ባሕርያት በያንዳንዱ ሰው ዘንድ አራቱም አሉ፤ አንዱ እሳት ብቻ፣ ሌላው ውኃ ብቻ ሆኖ የተፈጠረ የለም። ኮከብ ቈጣሪው ከአራቱ ሦስቱን ወስዶ አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ ሰውንም በዚያው በአንዱ ብቻ ይለካዋል። ቤተ ክርስቲያን ነገሩን የምትከለክለው ከጥንት ጀምሮ ነው። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 18 ሟርተኛንና አስማተኛን ያወግዛል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብም በመጽሐፈ ብርሃን ጠንቋይንና አስማተኛን አጥብቀው አውግዘዋል። ከሁሉ ይልቅ መጽሐፈ ሄኖክ በምዕራፍ 8 ወደ ምድር የወረዱት መላእክት ለሰው ልጆች ካስተማሩት ክፉ ትምህርት አንዱ ከዋክብትን እየተመለከቱ መጠንቈል መሆኑን ይናገራል። በዚሁ መጽሐፍ ምዕራፍ 20 ደግሞ በብርሃናት ላይ የተሾመው፣ ፍርድንም የሚያደርግባቸው ቅዱስ መልአክ ራጉኤል ነው። እንግዲህ ዐውደ ነገሥት በመርካቶ የሚሸጠው የከዋክብት ሹም በሆነው መልአክ ደጅ መሆኑን ያስተዋለ ሊቅ ቢስቅ አያስወቅሰውም።

ስምን ከባሕርያት ጋራ ማያያዝ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ዛሬ በመርካቶ ከሚሸጠው ዕቃ እጅግ ብዙው የሚመጣው ከቻይና ነው፤ ይህ ሕዝብ ለልጁ ስም የሚያወጣበት ሥርዐትም ከዚህኛው ጋራ ሲነጻጸር ብዙ ያስተምራል። የቻይና ባሕርያት አራት ሳይሆኑ አምስት ናቸው፤ እንጨት፣ እሳት፣ አፈር፣ ብረትና ውኃ። አንዱም ሌላውን ይወልዳል ይላሉ፤ እንጨት እሳትን ይመግባል፣ እሳት ዐመድ ሆኖ አፈርን ያበዛል፣ አፈር ብረትን ያፈልቃል፣ ብረት ውኃን ያስገኛል፣ ውኃም እንጨትን ያበቅላል። ሕፃን ሲወለድ ዓመቱ፣ ወሩ፣ ቀኑና ሰዓቱ እያንዳንዳቸው በሁለት በሁለት ምልክት ይጻፋሉ፤ ስምንቱም ምልክቶች ከአምስቱ ባሕርያት ለአንዱ ይመደባሉ። ከአምስቱ አንዱ ያልተገኘ እንደ ሆነ ሕፃኑ ያ ባሕርይ ጐድሎታል ይባልና የጐደለው በስሙ ይሞላለታል።

ሉ ሹን የተባለው ታዋቂ የቻይና ደራሲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1921 ባወጣው ስለ ልጅነት አገሩ በሚተርከው ድርሰት ውስጥ ሩንቱ የተባለ የገጠር ልጅ አለ። ስሙ እንዴት እንደ ወጣ ደራሲው ያስረዳል፤ ልጁ የተወለደው በትርፍ ወር ስለ ሆነና ከአምስቱ ባሕርያት አፈር ስለ ጐደለው አባቱ ‹‹የትርፍ ወር አፈር›› ብሎ ሰየመው። የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ የሆነ አንባቢ ትርፍ ወር የሚለውን ሲያይ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ቻይኖችም የጨረቃን ዓመት ከፀሐይ ዓመት ለማስተካከል በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ አንዳንድ ወር ይጨምራሉና። 19 ዓመት በባሕረ ሐሳብ ንኡስ ቀመር የሚባለው ነው።

ቻይኖችን ለዚህ የረዳቸው ጽሕፈታቸው ነው። የቻይና ምልክት ድምፅን ብቻ ሳይሆን ፍችንም ይዞ ስለሚሄድ፣ ውኃ ያለበት ቃል ብዙውን ጊዜ በግራው ሦስት ነጠብጣብ፣ ዛፍ ያለበት የዛፍ ምልክት አለው። ብረት እጅግ የጐደለው ልጅ የብረት ምልክት ሦስት ጊዜ ተደራርቦ የተጻፈበት ሺን የሚባል ስም ሊወጣለት ይችላል፤ ሦስት ዛፍ፣ ሦስት ውኃ፣ ሦስት እሳትም እንዲሁ በስም ላይ ይገኛሉ። ስሙን ያነበበ ሁሉ ወላጆቹ ምን እንደ ጐደለው እንዳሰቡ በዐይኑ ያየዋል። ነገሥታቱም ከዚህ አልራቁም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1368 እስከ 1644 ቻይናን የገዛው የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዘሩ በየትውልዱ የአምስቱን ባሕርያት ምልክት በተራ በስሙ ውስጥ እንዲይዝ ሥርዐት አቆመ። በዚህም መሠረት የመሥራቹ ልጅ ዡ ዲ በስሙ የእንጨት ምልክት ነበረው፤ ልጁ እሳት፣ የልጅ ልጁ አፈር፣ ከዚያም ብረት፣ ከዚያም ውኃ እያለ ሄደ። ተራው ሁለት ጊዜ ዞሮ ሦስተኛውን በእንጨት ሲጀምር መንግሥቱ ወደቀ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ስሙ የእንጨት ነበር።

ድኻው ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበረው። ልጅ እየሞተበት የተቸገረ ገበሬ ሞት እንዲንቅለት ሲል የተወለደለትን ልጅ ጎውሸንግ፣ ይኸውም ‹‹ውሻ ያስተረፈው›› ብሎ ይጠራው ነበር። በኢትዮጵያም ልጅ የሚሞትባት እናት ለተረፈላት ልጅ ዝቅ ያለ ስም የምታወጣበት ልማድ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። በሁለቱም አገር ዐሳቡ አንድ ነው።

ነገር ግን የቻይናን ሥርዐት ከዐውደ ነገሥት ጋራ ያስተያየ ሰው አንድ ታላቅ ልዩነት ያገኛል። በቻይና ስም መድኃኒት ነው፤ በዐውደ ነገሥት ግን ስም የሕመም ምልክት ነው። ቻይናዊው አባት የጐደለውን ባሕርይ ለማሟላት ቃል ይመርጣል፤ የመረጠውም ቃል ፍች አለው፤ ባሕርዩም ከፍቹ አይለይም። ኮከብ ቈጣሪው ግን የስሙን ፍች አይጠይቅም። ስሙ ዝናብ ይሁን ነበልባል ለእርሱ ሁሉም ያው ቍጥር ነው። ዘነበ የተባለ፣ እናቱ አልማዝ የምትባል ሰው ይኑር። ዘነበ በአበገደ 59፣ አልማዝ 78፣ በጠቅላላው 137 ነው፤ በ12 ሲገደፍ 5 ይተርፋል። 5 አሰድ ነው፤ አሰድም እሳት ነው። ሰማዩ በተከፈተበት ሌሊት ተወልዶ ‹‹ዘነበ›› የተባለው ልጅ በቍጥሩ እሳት ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ወላጆች ስም ሲያወጡ የሚያስቡት እንዲህ አይደለም። የኢትዮጵያ ስም አብዛኛው በራሱ ሙሉ ንግግር ነው፤ ግስ አለው፣ የሚናገርለትና የሚናገርበት አለው። ደምሰው ትእዛዝ ነው፤ ግዛውም ትእዛዝ ነው፤ ይርጋ ምኞት ነው፤ ኑርልኝ ልመና ነው። ደሳለኝ ያለ አባት የራሱን ደስታ በልጁ ላይ ጽፎ ለዘላለም አኖረው። ካሣ፣ ምትኩና ተካ የተባሉት ከእነርሱ በፊት የሄደ ሰው እንዳለ ይናገራሉ። ማስረሻ የሚለውን ስም ለሚሰማ ሊቅ ደግሞ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ትዝ ሊለው ይገባል፤ ዮሴፍ በግብፅ አገር የበኵር ልጁን ምናሴ ብሎ የጠራው እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ ሲል ነውና። በጎጃም ወይም በሸዋ ሐዘን የደረሰባት እናት ዕብራይስጡን ሳትሰማ ከዮሴፍ ቃል ደረሰች።

ባሕርያቱም ቢሆኑ በእነዚህ ስሞች ውስጥ በፍች እንጂ በቍጥር አይገኙም። ለውኃ ዘነበ፣ ዘነበች፣ ዝናቡ፣ ባሕሩ አሉ፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ዘነበ ወርቅም ስማቸው ዝናቡን ከወርቅ ጋራ ያጣመረ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ምዕራብ ያለ ሰፈር እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ለእሳትና ለብርሃን እሳቱ፣ መብራቱ፣ ብርሃኑ፣ ፀሐይ፤ ቻይኖች ብረት ለሚሉት ብሩ፣ ወርቅነህ፣ አልማዝ፤ እንጨት ለሚሉት አበበ፣ ለምለም፣ ሐረገ ወይን፣ ጥላሁን ይገኛሉ። ነፋስና አፈር ግን በስም ላይ እምብዛም አይታዩም። በአማርኛ ነፋስ የማይጨበጥ ነገር ምሳሌ ነው፤ አፈርም ከእርግማን ቃል አይርቅም፤ ‹‹አፈር ብላ›› የሚል ሕዝብ ልጁን አፈር ብሎ ለመጥራት አይደፍርም። ሩንቱ በጎንደር ቢወለድ ኖሮ አባቱ ጐደሎውን የሚሞላበት ቃል ባላገኘ ነበር። በመርካቶ ደግሞ አማርኛ ብቻ አይሰማም። በአንድ መደብር ውስጥ ዝናብ ማለት የሆነው ሮባና ብርሃን ማለት የሆነው ኢብሳ ከኦሮሞ፣ ደስታ ማለት የሆነው ሓጎስ ከትግራይ፣ ፀሐይንና ብርሃንን የሚያመለክቱት ሸምሱና ኑር ከሙስሊሙ ወገን ጐን ለጐን ሲሠሩ ይገኛሉ። እነዚህን ሁሉ በአንድ የፊደል ቍጥር አስልቶ ኮከብ ማደል ከፍቻቸው የሚያወጣው ነገር የለውም።

ከዓለም ስም ሌላ ክርስቲያን የሆነ ሁሉ ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አመተ እየተባለ ከሥላሴ፣ ከማርያም፣ ከመላእክትና ከቅዱሳን ስም ጋራ ይጣመራል። በቍርባንና በፍትሐት የሚነሣው ይህ ስም ነው። ብዙ ሰው ግን ጠላት በአስማት ይጐዳኛል ብሎ ይሰውረዋል፤ በክታቡ ላይ ያጽፈዋል፣ ለጎረቤቱ ግን አይነግረውም። የነገሥታቱ ነገር የተለየ ነው። ተፈሪ ተብለው የተወለዱት፣ ትርጓሜውም የሚፈራ ማለት የሆነው ንጉሥ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የክርስትና ስማቸውን ኃይለ ሥላሴን የመንግሥት ስም አደረጉት። ካሣ የተባሉ ሁለት ሰዎችም በአንድ ክፍለ ዘመን ነግሠዋል፤ አንደኛው በ1847 ዓ.ም. በፍካሬ ኢየሱስ ትንቢት የተነገረለትን ስም ይዘው ቴዎድሮስ፣ ሁለተኛው በ1864 ዓ.ም. በአክሱም ዮሐንስ ተባሉ። ሁለቱም ስማቸውን የለወጡት ለኮከብ ሳይሆን ለትርጓሜ ነው።

ሕዝቡ ግን እንደ ንጉሥ ስሙን በዐዋጅ አይለውጥም፤ ስሙ የሚኖረው በመዝገብ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው ስም ደንብ አውጥቷል። የወሳኝ ኵነቶች ምዝገባ ዐዋጅ ቍጥር 760/2004 ደግሞ ልደት ሁሉ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ስለዚህ ዛሬ የመርካቶ ነጋዴ ልጅ በ40 ቀኑ ከካህን ፊት፣ በ90 ቀኑ ከመዝገብ ጸሐፊ ፊት ይቀርባል። ካህኑና ጸሐፊው ስሙን በሚገባ የመጠበቅ አደራ የወደቀባቸው ሁለቱ ሰዎች ናቸው።

አደራውም ከፊደል ይጀምራል። ሀ ሐ ኀ፣ ሰ ሠ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ሆነው ስለ ተገኙ ሞክሼ ፊደላት ይባላሉ፤ ሞክሼ ማለትም አንድ ስም ያላቸው ሰዎች ማለት ነው። ይቀነሱ የሚሉና ይቈዩ የሚሉ ወገኖች ረጅም ዘመን ተከራክረዋል፤ ክርክሩ በዚህ ገጽ አይፈጸምም። ስለ ሰው ስም ግን ጕዳዩ የተለየ ነው። ሠረቀ ብርሃን ብርሃን ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ቢጻፍ ብርሃንን የሚሰርቅ ሌባ ይሆናል። መሐሪ ይቅር ባይ ነው፤ መሀሪ አስተማሪ ነው። አመተ ማርያም የማርያም አገልጋይ ናት፤ ዓመተ ማርያም ተብላ ብትጻፍ የማርያም ዘመን ትሆናለች። ጸሐፊው ‹‹ድምፁ አንድ ነው›› ብሎ ሲያልፈው፣ ወላጆች ያሰቡበትን ንግግር በሌላ ንግግር ለውጦታል። ኮምፒዩተሩ ፊደሉን ሁሉ ይዟል፤ የሚጐድለው ጸሐፊው ቆም ብሎ ‹‹የትኛው ሠ ነው›› ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ካህኑ በክርስትና ምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙን አጥርቶ ከጻፈ ጸሐፊው የሚያየው ነገር ያገኛል፤ ካህኑ ራሱ ያለ ጥንቃቄ የጻፈው እንደ ሆነ ግን ስሕተቱ በሁለት ማኅተም ይጸናል።

ስሕተቱ ከጸና በኋላ የሚያስከትለው ድካም ለመርካቶ ነጋዴ አዲስ ነገር አይደለም። በልደት ምስክር ወረቀቱ ዓለሙ፣ በንግድ ፈቃዱ አለሙ ተብሎ የተጻፈ ሰው ውርስ ሲጠይቅ ወይም ከባንክ ብድር ሲሻ ሁለቱ ሰዎች አንድ መሆናቸውን በምስክር ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል። በዐውደ ነገሥት ገጽ ከውኃ ወደ ነፋስ የሚያሻግረው ያ አንድ ፊደል፣ በመንግሥት ቢሮ ደግሞ ከአንድ ሰው ሁለት ሰው ያወጣል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ከልጁ ስም ዝቅ ብሎ የእናት ሙሉ ስም ይጻፋል። እናቶች ለቈጣሪ እንዳይገለጥ ሲሰውሩት የኖሩት ስም ዛሬ ከልጃቸው ስም ጋራ በአንድ ወረቀት ላይ፣ በማኅተም ጸንቶ፣ በግልጥ ይገኛል። ከራጉኤል ደጅ የመጽሐፍ ነጋዴ እስከ ወረዳው ቢሮ ያለው መንገድ ሩቅ አይደለም፤ በሁለቱም ስፍራ የሚቀርበው ጥያቄ ያው ነው፤ ስምህ ማን ነው፣ የእናትህስ ስም ማን ነው።